ኅዳር ሲታጠን ኮምፒውተር ሲነፋ

ሳሪስ አቦ የሚኖር ሰው አቧራን እንደ እንግዳ አያየውም። አቧራ ቤተሰብ ነው። ጠዋት በር ሲከፈት ቀድሞ ይገባል፣ ማታ በር ሲዘጋ ቀድሞ ይተኛል። ወደ ቃሊቲ የሚወርደውና ከቃሊቲ የሚወጣው የጭነት መኪና ሲፈጨው ውሎ ሲያቦነው ያድራል። የሰፈራችን ሊስትሮ ሒሳቡን ሳይቀበል ደንበኛውን አይለቅም፤ አስፋልቱን ከተሻገረ ጫማው መልሶ ስለሚቆሽሽ «መች ጠረግህልኝ?» የሚል ክርክር ይነሣላ!

አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን መታጠፊያ ገባ ብሎ፣ የግቢያችን አጥር ተበስቶ የተሠራች፣ አንድ ሰው ቆሞ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚሞላት ቤት ናት። ወር በገባ በ5፣ በአቦ ዕለት፣ ገበያዬ ይደራል። ቅዳሴ አስቀድሶ የሚመለሰው ምእመን ማመልከቻ ያስጽፋል፣ መታወቂያ ያስገለብጣል። ግድግዳዬ ላይ የኮምፒውተር ጥገና መማሬን የሚመሰክር ወረቀት በፍሬም ተሰቅሏል። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ጥንቃቄ ትምህርት የተሰጠው በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ደግሞ እኔ ቀርቼ ነበር።

ያመለጠኝን ትምህርት ቀስ በቀስ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እርሷ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ደግሞም በጥፋት የጀመረችው ራሷ ናት፤ ዳንቴል አለበሰችው። «ቴሌቪዥኑ ለብሶ ይኼ ራቁቱን ይቀመጥ?» ብላ በእጇ የሠራችውን፣ ዳር ዳሩ ዘርፍ ያለውን ነጭ ዳንቴል ደረበችበት። እኔም እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ከፊት ገለጥ አድርጌ እሠራለሁ። ከኋላ ያለው የአየር መውጫ ግን እንደተሸፈነ ነው። ማሽኑ ምች እንደመታው ሰው፣ ጋቢ ተከናንቦ የባሕር ዛፍ እንፋሎት እንደሚታጠን ሰው፣ ከዳንቴሉ ሥር ያልበው ነበር።

ኮምፒውተርን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ አቧራው ግብረ አበር ነው። ሙቀቱን የሚበትኑት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች መሐል ገብቶ እንደ ስጋጃ ይነጠፍና ፋኑ ቢዞር ቢዞር ነፋሱ አላልፍ ይላል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የምትበልጥ ከተማ ናት፤ አየሯ ሳሳ ያለ ነው። የአየሩ ሙቀት እኩል ቢሆን፣ ፋን ጅቡቲ ወደብ ላይ በቀላሉ የሚሸከመውን ሙቀት እዚህ ለመሸከም አብዝቶ መዞር አለበት። ሯጮቻችንን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ አየር ኮምፒውተሮቻችንን ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል።

ማሽኔ በየሰዓቱ ራሷን እየሳተች መጥፋት ስትጀምር መፍትሔው ሩቅ አልመሰለኝም። ከሱቄ ሁለት በር አለፍ ብሎ ጎሚስታ አለ። የጎን ክዳኗን ፈትቼ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ ወሰድኳት። ከፊቴ አንድ ሲኖ ትራክ ወረፋ ይዟል። ተራዬ ሲደርስ ጎሚስታው ቱቦውን አነሣና፦

«ስንት ይግባላት?» አለኝ።

«እንድትነፋልኝ እንጂ እንድትሞላልኝ አይደለም።»

«ገባኝ። ቀስ ነው ወይስ እንደ ትራኩ?»

እዚህ ላይ መልሴ «ቀስ» መሆን ነበረበት። እኔ ግን ኩራት ያዘኝ። የትራክ ጎማ እስከ 8 ባር ድረስ ይገባለታል፤ የእኔ ማሽን ከትራክ ታንሳለች? «እንደ ትራኩ» አልኩ።

የመጀመሪያው ፉ ሲለቀቅ ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩት የሳሪስ አቧራ ባንድ ጊዜ ወደ ሳሪስ ተመለሰ። ሁለታችንም ዱቄት ፈጪ መሰልን። ሁለተኛው ፉ ፋኑን አገኘው። ፋኑ እንደ አውሮፕላን አፏጨ። ወረፋ የሚጠብቁት ሾፌሮች ተሰበሰቡ። ጎሚስታው ደስ ብሎት «ይኼ እኮ ያለ ነዳጅ ይበራል!» እያለ ደጋገመው። ሦስተኛው ላይ አንዷ የፋኑ ክንፍ በራሪ ሆና የት እንደገባች እስከ ዛሬ አልተገኘችም። አራተኛው ላይ ቱቦው ጉሮሮውን ጠረገና ዝገት ቀለም ያለው ውሃ ማዘርቦርዱ ላይ እትፍ አለበት።

ጎሚስታው ጥፋት የለበትም፤ ጎማ የለመደ ሰው ነው። አየር ሲታመቅ የያዘው እርጥበት ወደ ውሃነት ተለውጦ ከታንከሩ ሥር ይጠራቀማል፤ ለዚህ ነው ከሥር ማፍሰሻ የተሠራለት። ትንሽ ዘይትም አይጠፋውም። ጎማ ይህንን ሁሉ ችሎ ይሄዳል። ፋኑ ደግሞ በነፋስ ኃይል ሲሽከረከር ሞተርነቱን ትቶ ጄኔሬተር ይሆናል፤ ሲቀበል የኖረውን ኤሌክትሪክ ራሱ እያመነጨ ወደ ማዘርቦርዱ ይመልሳል። በነፋስ የሚያጸዳ ሰው ፋኑን በጣቱ ወይም በእርሳስ እንዳይዞር ይይዘዋል። ይህንን ያወቅሁት በኋላ ነው።

እናቴ እርጥቡን ማሽን አቅፌ ስገባ አየችኝና «ምን ሆነህ ነው?» አለች።

«አስነፋኋት።»

«እንዲህ ነው የሚነፋ? እኔ ዱቄት ስነፋ አይተህ አታውቅም?»

ማሽኗን ሁለት ቀን ሳልነካ አደረቅኋት። ከዚያ ወዲህ ጎሚስታ ዘንድ አልሄድኩም፤ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ገዝቼ እንደ ዱቄት ነው የምነፋት፤ ቀስ ብዬ፣ ፋኑን ይዤ፣ በር ከፍቼ።

ይህች ማሽን ሁለተኛዋ ናት። የመጀመሪያዋ ታሪኳ አጭር ነው፤ ዕድሜዋም እንዲሁ። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ ልብሱን ትቶ በሻንጣ ይዟት መጣ። ዘመድ ተሰበሰበ፣ ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተፈነደሸ። ስፒናዋ ከእኛ ሶኬት ጋር አልገጥም አለኝ። አሁን ሳስበው ያ ስፒና አንድ ነገር ሊነግረኝ እየሞከረ ነበር። እኔ ግን ገመዷን በእኛ አገር ገመድ ቀየርኩና ሰካሁ፤ ማብሪያዋን ተጫንኩ።

ጧ!

«አንድ ፈንዲሻ ቀርታ ነበር እንዴ?» አለ አንዱ ዘመድ።

ፈንዲሻ እንደዚያ አይሸትም። አሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። የዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ማሽኖች ከጀርባቸው፣ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ ነበረቻቸው፤ በአንድ ወገን 115፣ በሌላው 230 ትላለች። የእኔዋ 115 ላይ ነበረች። በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ ቢያደርጓት ያለቀላት ነገር። ፓወር ሰፕላዩ ማንሸራተቻው 115 ላይ ሲሆን የገባለትን እጥፍ አድርጎ ይወስዳል፤ የሚላክለት ትንሽ ነው ብሎ ያምናልና። እጥፍ ጉረስ የተባለ ሰው አፍ ውስጥ የሠርግ ድግስ መገልበጥ ማለት ነው ያደረግሁት። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ያለውን ራሳቸው ያውቁታል፤ አሮጌዎቹ ግን በየመጋዘኑ አሁንም አሉ።

ዘመድ ሁሉ ዝም ሲል እናቴ ናት የተናገረችው። «እኔ ገበያ ወርጄ ዶሮ ስገዛ ክንፏን ገልጬ፣ ደረቷን ዳስሼ፣ እግሯን አይቼ ነው። አንተ ይህን ያህል አገር አቋርጣ የመጣችውን ጀርባዋን እንኳ ሳታይ?»

ስለ መብራት ካነሣሁ አይቀር፣ ግቢያችን ውስጥ አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ እንኖራለን። የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይበላል፤ ኮምፒውተሬ ከነስክሪኗ 300 አትሞላም። ምጣዱ ሲጣድ ስታብላይዘሬ ጥርሱን ያፋጫል፣ አምፖሉ እንደ ጾመኛ ይገረጣል። ስለዚህ የሥራ ቀኖቼን የሚወስነው ሊጡ ነው፤ ሊጥ የፈላ ለት ማመልከቻ አይጻፍም። አንድ ጊዜ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ዩፒኤስ ገዛሁና ፎቶ ኮፒውንም፣ ሌዘር ፕሪንተሩንም በአንድ ዲቫይደር አድርጌ ከእርሱ ላይ አንጠለጠልኳቸው። ሁለቱም ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቁት በሙቀት ነው፤ የምጣድ ታናናሽ ወንድሞች ናቸው። ዩፒኤሱ አንዴ ጮኸ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁን የሰማ የለም።

ከእኛ ዝቅ ብሎ፣ አቃቂ ወንዝ ላይ፣ የአባ ሳሙኤል ግድብ አለ፤ በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ ዓመታት ቆሞ ኖሮ ታድሷል። ከኤሌክትሪክ አያት ጋር ተጎራብተን መብራት መጥፋቱ ይገርመኛል። የሚያሳስበው ግን መሄዱ ሳይሆን አመጣጡ ነው። መብራት ሲመለስ እንደ ኩርፊያ ተመላሽ ነው፤ በሩን በርግዶ ይገባል። የሰፈሩ ምጣድ፣ ፍሪጅና ምድጃ ሁሉ እኩል ይነቃል፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። እናቴ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የምታደርገው ሻማ መፈለግ ሳይሆን ሁሉንም ከሶኬት መንቀል ነው። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ገና ከሩቅ ሲያጉረመርምም እንዲሁ ታደርጋለች። እኔ በወጣትነቴ እስቅባት ነበር። አሁን እኔም እነቅላለሁ፤ የኢንተርኔቱን ገመድ ጭምር፤ መብረቅ በየትኛው ሽቦ እንደሚመጣ አይታወቅማ።

አሁን ደግሞ ከሽቦ ኤሌክትሪክ ወደ ሹራብ ኤሌክትሪክ ልምጣ። በጋ ገብቶ አየሩ ሲደርቅ፣ ማታ በጨለማ የናይለን ሹራብ ስታወልቁ ጣጣ ጣጣ እያለ ብልጭ ይላል አይደል? ያቺን ብልጭታ ሰው ቆዳው ላይ የሚሰማው 3,000 ቮልት ገደማ ስትደርስ ነው፤ ኃይሏ ኢምንት ስለሆነ ንዝረት እንጂ ጉዳት የላትም። የኮምፒውተር ማስታወሻ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነገሮች ግን ከ100 ቮልት በታች ሊሞቱ ይችላሉ። እንግዲህ አስቡት፤ እኛ ሳይሰማን እነርሱ ይሞታሉ። ባይሞቱም ይቆስሉና ከሁለት ወር በኋላ ያለ ምክንያት ይወድቃሉ። ያኔ «ቫይረስ ነው» ይባላል። ድሮ ሰው ሁሉ በምች እንደሞተ፣ በሰፈራችን ኮምፒውተር ሁሉ በቫይረስ ነው የሚሞተው።

አንድ የጥር ቀን፣ ናይለን ሹራቤን ለብሼ፣ ላስቲክ ጫማ ተጫምቼ፣ ላስቲክ ምንጣፍ ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ የአንድ ደንበኛ አዲስ ራም ገጠምኩ። አልሠራም አለ። አውጥቼ መለስኩት፤ ወርቃማ ጥርሱን በጣቴ እያሻሸሁ ጠረግሁለት፤ ይኸም ክልክል መሆኑን ያኔ አላውቅም፤ በጠርዙ ነው የሚያዘው። እንዲያው ሳገላብጠው ዋልኩ። ገንዘቡን ከኪሴ ከፈልኩ። ሐዘኑ ሲወጣልኝ ባለሙያ ጓደኛዬን ጠይቄ የእጅ አምባር ገዛሁ፤ ጥቅልል ሽቦ ያላት፣ ጫፏ የማሽኑን ብረት የምትነክስ።

«ይኼ ደግሞ የእጅ ማተብ ነው?» አለችኝ እናቴ።

«እንደሱ በይው። ከመሬት ጋር ያገናኘኛል።»

«ቸኮልክ» አለች፤ «በጊዜው ሁላችንንም ያገናኘን የለ?»

አምባሯ ውስጥ 1 ሚሊዮን ኦም የሆነች መከላከያ ተደብቃለች። ሰውነቴ ላይ የተጠራቀመውን ቻርጅ ቀስ አድርጋ ታሳልፋለች፤ በድንገት የመብራት መስመር ብነካ ግን ኃይሉ በእኔ በኩል እንዳይሮጥ ታግደዋለች። አንድ የሰፈር ልጅ ይህንን ሳያውቅ የመዳብ ሽቦ እጁ ላይ ጠምጥሞ ከውሃ ቧንቧ ጋር ሊያስር ሲል ደረስኩበት፤ የሞትን መንገድ አስፋልት ማልበስ ማለት ነው። አምባር የሌለው ሰው፣ አንድ ነገር ከመንካቱ በፊት እጁን ያልተቀባ የማሽን ብረት ቢያስነካና ደጋግሞ ቢነካ ብዙ ይተርፋል። የማይታይ ሌላ አደጋ ያየችው አሁንም እናቴ ናት፤ ጎንበስ ስል የአንገቴ መስቀል ማዘርቦርዱ ላይ ይንጠለጠላል። መስቀሉ ብረት ነው። «ወደ ጀርባህ አዙረው» አለችኝ፤ «ከኋላም ይጠብቅሃል።»

ስለ ፀበሉም መናገር አለብኝ። በየወሩ በ5፣ በሃይላንድ ያመጣችውን ፀበል ሱቄ ውስጥ ትረጭ ነበር። በሯን ረጭታ፣ ወንበሬን ረጭታ፣ ኪቦርዱ ጋ ስትደርስ ልቤ ይቆማል። ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ለሦስት ወር ዝም አልኩ። በአራተኛው ነገርኳት። አሰበችና «እውነትህን ነው፤ እርሱ ክርስትና አልተነሣም፤ የተነሣኸው አንተ ነህ» ብላ የቀረውን ሁሉ ፊቴ ላይ ደፋችብኝ። ስምምነታችን እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ጎረቤታችን ሻምበል ጡረታ ወጥተው ሬዲዮ ይፈታሉ። አንድ ቀን ከእኔ የተጣለውን ፓወር ሰፕላይ ወስደው ቆርቆሮውን ከፈቱት። ከሶኬት ነቅለውታል። ቢሆንም ወንበራቸውን ይዘው ወደ ኋላ ተገለበጡ። ውስጡ ያሉት ጣሳ መሰል ነገሮች ከተነቀሉም በኋላ 300 ቮልት ገደማ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሻምበል ይህንን ለመረዳት ከማንም የቀረቡ ሰው ነበሩ፤ «ጡረታ መውጣትና ኃይል መጨረስ ይለያያል» የሚሉት ራሳቸው ናቸው። የድሮው ሆዳም ስክሪን ደግሞ ይብሳል፤ ባለ ቀለሙ ወደ 25,000 ቮልት ድረስ ያስቀምጣል። እነዚህ ሁለቱ አይከፈቱም። እኔም አልከፍትም፤ የምስክር ወረቀቴ ፍሬሙ ውስጥ ይቀመጥ።

ዓመታዊው ጽዳቴ ኅዳር 12 ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀው ወዲህ፣ በዚህ ቀን አዲስ አበባ ቆሻሻዋን አውጥታ ታቃጥላለች፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ችግሩ ቀኑ የሚካኤል መሆኑ ነው። እናቴ «በሚካኤል ካቻቢቴ አይያዝም፤ መጥረግ ግን ሥራ አይደለም» ብላ ስለበየነች ብሎኖቹን በ11 ማታ አላልቼ አድራለሁ፤ በ12 ጠዋት ክዳኑን በጣቴ አንሥቼ በብሩሽ እጠርጋለሁ።

አምና በዚያ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች እሳት አንድደዋል። የቆሻሻው ክምር ላይ ገመድ፣ ኪቦርድ፣ የሻምበል ሆዳም ስክሪን ተደርድሯል። አንድ ልጅ እንደ ተነፋ ዳቦ ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ ይዞ እየሮጠ መጣ። እናቴ ነጠላዋን ጥላ ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። «የባትሪ ድንጋይ እሳት ውስጥ አይጣልም!» እያለች ከእጁ ነጠቀችው። ስለ ሊቲየም የነገራት የለም፤ በልጅነቷ የፋኖስ ምትክ በነበረው የእጅ ባትሪ ድንጋይ ፍንዳታ የተቃጠለ ሰው አይታለች፤ ያ በቅቷታል። ያበጠውን ባትሪ አልበሳነው፣ አልተጫንነው፤ አሸዋ በሞላ ጣሳ አድርገን ከቤት አርቀን አስቀመጥነው።

ስክሪኑ አከራከረን። መስታወቱ ውስጥ በኪሎ የሚቆጠር እርሳስ አለ፤ ገመዱም ሲቃጠል የሚያጥነው ኅዳርን ሳይሆን ሳንባን ነው። ቆራሌው አልፎ ይሄድ ነበርና ጠራነው። እርሱ መዳቡን እንጂ መስታወቱን አልፈለገም፤ «እዚሁ ልስበረውና…» ሲል ሻምበል፣ ከወንበር የተገለበጡባት ቀን ትዝ ብሏቸው ነው መሰል፣ በከዘራ አገዱት። የአሮጌ ኮምፒውተሮች መፍቻ ጣቢያ እዚሁ አቃቂ እንዳለ ስነግራቸው «ይኸን ያህል ቅርብ?» አሉና ተገረሙ። ስክሪኑ እስኪወሰድ ከመደርደሪያዬ ሥር ተቀመጠ። እናቴ ዳንቴል አለበሰችው። ለእርሱ አልከለከልኳትም፤ አይሞቀውም።

ጽዳቱን ስጨርስ መብራት ጠዋት እንደጠፋ ነበር። ረከቦቱ ከኪቦርዱ ሁለት ክንድ ርቆ፣ ከበሩ ወዲያ ተቀምጧል፤ ይኸም የቆየ ስምምነት ነው። አቦል ሲቀዳ የግቢው ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ። ስፒናውን አነሣሁ።

«ቁጭ በል» አለች እናቴ፤ «ገና አቦል ነው።»

ቶና ላይ መብራቱ ሄደ። ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ሲኒ አለቅልቃ ውሃ ስትጨምር ተመለሰ፤ አንዴ ደመቀ፣ አንዴ ደበዘዘ፣ የምጣዶቹ ግፊያ ቀስ በቀስ በረደ። በረካ ሲቀርብ አምፖሉ ሳይርገበገብ እንደ ቆመ ነበር።

«አሁን ሰካው» አለች። ወደ ሶኬቱ ጎንበስ ስል ደግሞ እጄን አየችና፦ «ቆይ፣ መጀመሪያ እጅህን ጥረግ፤ ቡና ነክቶታል።»